የመልእክት መንገድ በሐይቅና በአምባሰል፤ ከውጫሌ ውል እስከ ዓረብ አገር ስልክ

ሰው ከአገሩ ርቆ ሲሄድ ከቤተ ሰቡ ጋር ለመነጋገር ምን ያህል ያወጣል? ጥያቄው የኪስ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን የሐይቅ እስጢፋኖስንና የአምባሰልን አካባቢ ታሪክ ስንመረምር፥ የዋጋው ነገር ከሌላ ጥያቄ ጋር ተያይዞ እናገኘዋለን። ይኸውም መልእክቱ የሚያልፈው በማን እጅ ነው? መንገዱንስ የሚመርጠው ላኪው ነው ወይስ ሌላ ሰው? የሚል ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገውም፥ ርካሽነቱ ሊታመን የሚችለው አማራጭ ያለው መንገድ ብቻ መሆኑን ነው።

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከ13ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ፥ ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን ጀምሮ፥ ታላቅ የትምህርት ቦታ ሆነ። አባ ኢየሱስ ሞዓ ራሳቸው በደብረ ዳሞ ተምረው የመጡ ነበሩ፤ ከሸዋ የመጡት አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በዚሁ ገዳም ተምረዋል። በዚያ ዘመን የራቀ ሰው ወሬ የሚሰማው በመንገደኛ ነበር። ነጋዴው፥ መነኩሴው ወይም ተማሪው ቃሉን በአፉ ይዞ ይሄዳል፤ ደብዳቤ ካለም በእጁ ያደርሳል። ዋጋው ከገንዘብ ይልቅ ማደሪያና እራት ነበር። መንገዱ ዘገምተኛ ነው፤ ሆኖም አንዱ መንገደኛ ቢቀር ሌላው ይመጣል።

ከሐይቅ ከተማ በስተሰሜን በአምባሰል የምትገኘው ውጫሌ፥ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ. ም. በምኒልክና በኢጣልያው መልእክተኛ በአንቶኔሊ መካከል በተፈረመው ውል ትታወቃለች። ጠብ ያስነሣው 17ኛው አንቀጽ የመልእክት መንገድን የሚመለከት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። የአማርኛው ቃል ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚላላኩት ነገር በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት ለመጠቀም ይችላሉ ሲል፥ የኢጣልያንኛው ግን ይህንኑ ግዴታ አደረገው። ምኒልክ በየካቲት 1885 ዓ. ም. ውሉን እንደማይቀበሉት አስታወቁ፤ ነገሩም በ1888 ዓ. ም. በዐድዋ ጦርነት ተቈረጠ። የመንግሥትን ጉዳይ ከአንድ ቤተ ሰብ ጉዳይ ጋር ማነጻጸር ድፍረት ቢመስልም፥ «ይቻላል» እና «ግድ ነው» የሚሉት ቃላት ልዩነት ግን በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው።

ከዚያ በኋላ መንገዱ እየበዛ ሄደ። የፖስታ ሥራ በ1886 ዓ. ም. ተጀመረ፤ በ1901 ዓ. ም. ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ስለ ሆነች፥ የአገራችንን ቴምብር የያዘ ደብዳቤ በውጭ አገር ሁሉ ተቀባይነት አገኘ። በ1945 ዓ. ም. የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። ይሁን እንጂ ወደ ውጭ አገር በስልክ መነጋገር በደቂቃ የሚከፈልበት ስለ ነበረ ለድኃ ቤተ ሰብ ከባድ ነበር።

ከ1983 ዓ. ም. ወዲህ ከደቡብ ወሎ ብዙ ወጣቶች፥ በተለይም ሴቶች፥ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ሌሎች ዓረብ አገሮች ሄደዋል። ሞባይል ሲስፋፋም ሕዝቡ የራሱን የቍጠባ ዘዴ አበጀ። እናት ሚስኮል ታደርጋለች፤ ልጅ መልሳ ትደውላለች፤ በአገር ቤት ጥሪ የሚቀበል ሰው አይከፍልምና። የአገሩን ሲም ካርድ ይዞ በሰው አገር የሚደውል መንገደኛ ግን የሮሚንግ ዋጋ ስለሚበዛበት፥ በደረሰበት አገር ሲም መግዛቱ ይቀለዋል። በኋላም ኢሞና ዋትስአፕ መጡ። ሳዑዲ ዓረቢያ በመስከረም 2010 ዓ. ም. የኢንተርኔት ጥሪን ክልከላ ስታነሣ መንገዱ ይበልጥ ተከፈተ። ማንበብ የማትችል እናትም በድምፅ የተቀዳ መልእክት ደጋግማ ልትሰማ ትችላለች።

ነገር ግን ይህ ርካሽ መንገድ በአንድ ክር የተንጠለጠለ ነው። በኅዳር 2014 ዓ. ም. ጦርነቱ ደቡብ ወሎን ባዳረሰ ጊዜ በአካባቢው ስልክ ተቋረጠ። በ2015 ዓ. ም. ማብቂያ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፥ በብዙ ቦታ የቀረው ውዱ መደበኛ ጥሪ ብቻ ነበር። በሰው አገርም አሠሪዋ ስልኳን የቀማባት ሠራተኛ አማራጭ የላትም፤ ቍጥሩን በቃሏ ካልያዘችው ቤተ ሰቧን ከነጭራሹ ታጣለች። ይህችን ሴት የሚጐዳት የዋጋው መወደድ ሳይሆን «ይቻላል» የተባለው ነገር በሌላ ሰው እጅ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ቤተ ሰብ ለተጓዥ ስንቅ ሲያዘጋጅ ሁለተኛ መንገድም ሊያዘጋጅለት ይገባል። በወረቀት የተጻፈና በቃል የተጠና ቍጥር፥ ድምፅ ቢጠፋ የሚጠየቅ የታመነ ጎረቤት፥ ለመደወያም የተቀጠረ ቀንና ሰዓት ማለት ነው። ይህ ሁሉ ወጪው ጥቂት ነው። በእኛ በተማሪዎች በኩል ደግሞ፥ በየቤቱ የተቀመጡት አሮጌ ደብዳቤዎች ሳይጠፉ፥ ላኪዎቻቸውና ተቀባዮቻቸውም በሕይወት ሳሉ፥ ጠይቀን ብንመዘግባቸው ለአገራችን ታሪክ ትልቅ ጥቅም ይሆናል።