የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል

አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የሚገኝ፣ የመክፈል አቅም የሌላቸውን ቤተሰቦች ልጆች የሚያክም የበጎ አድራጎት የልብ ሕክምና ተቋም ነው። መሥራቹ የሕፃናት የልብ ሐኪሙ ዶ/ር በላይ አበጋዝ ናቸው። ማዕከሉን ያቋቋመው ማኅበር በመጀመሪያ ሕሙማኑን ለቀዶ ሕክምና ወደ ውጭ አገር ይልክ ነበር፤ ማዕከሉ በ2001 ዓ.ም. ተከፈተ። ቼይን ኦፍ ሆፕን የመሳሰሉ ድርጅቶች የሐኪሞች ቡድን በመላክ፣ ሕዝቡም በአጭር የጽሑፍ መልእክት ጭምር ገንዘብ በማዋጣት ደግፈውታል።

ከሚታከሙት መካከል ልባቸው ላይ ክፍተት ይዘው የተወለዱ ሕፃናት ይገኙበታል። ሌላው ከባድ ሸክም፣ ይበልጥ የሚያሳዝነውም መከላከል የሚቻል በመሆኑ፣ በወቅቱ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሚመጣው የሩማቲክ የልብ በሽታ ነው፤ የልብ ቫልቮችን ያጠብባል ወይም በደንብ እንዳይገጥሙ ያደርጋል። ቀድሞ የተደረሰበት ልጅ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ይወጋል፤ ቫልቩ ክፉኛ የተጎዳበት ግን የቀዶ ሕክምና ወረፋ ይጠብቃል።