የ1780ዋ ብርና የ2013ቱ ፔስ

ሮበርት ቺዝማን የሚባል የእንግሊዝ ቆንስል እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ዳንግላ ተቀምጦ ጣናንና ዓባይን ሲያጠና ኖሯል። እሱ በነበረበት ዘመን ጎጃም ውስጥ ትልቁ ገንዘብ፣ በቅሎም ሆነ ጠመንጃ የሚገዛበት፣ የአንዲት የሞተች ንግሥት መልክ የታተመበት የብር ሳንቲም ነበር። ማሪያ ቴሬዛ የኦስትሪያ ገዥ ነበረች፤ የሞተችው በ1780 ነው። ከሞተች ከመቶ ምናምን ዓመት በኋላ እንኳ በመልኳ የሚታተመው ብር ያንኑ 1780 የሚል ቁጥር ይዞ ነበር የሚወጣው። ለምን ቢሉ፣ ቁጥሩ ከተለወጠ የሚቀበል አልነበረማ። የእኛ ባላገር የጌጧን እንቁ እያየ፣ ጠርዙን በጣቱ እየዳሰሰ ነበር የሚቀበለው። አዲስ የሚያብለጨልጭ ነገር ሲመጣለት ደግሞ መጀመሪያ የሚያደርገው መጠራጠር ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ የራሳቸውን መልክ የያዘ ብር ፓሪስ አስመትተው እ.ኤ.አ. ከ1894 ጀምሮ ሥራ ላይ አዋሉ። ብሩ ጥሩ ብር ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱም የተከበሩ ናቸው። ገበያው ግን ብዙም አልተነካም። ሰው አዲሱን አየት አድርጎ ወደ አሮጌዋ ተመለሰ። ሙሶሊኒ እንኳ አገራችንን ሊወር ሲሰናዳ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚያሠራው ገንዘብ የትኛው እንደሆነ ገብቶት፣ እ.ኤ.አ. በ1935 የማተሚያ ቅርጹን ከቪየና አስመጥቶ ሮም ላይ ያቺኑ የ1780 ብር አሳተመ። ወራሪም ለአሮጌው ሞዴል እጅ ሰጠ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ስለ ቪዲዮ ጌም ልጽፍ ነው። አትሳቁ።

እንጅባራ፣ የድሮው ስሟ ኮሶበር፣ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች ብርዳም፣ ዝናብ የማይለቃት ከተማ ናት። ክረምት ላይ ወጣቱ የሚጠለልበት ቦታ ብዙ አይደለም፤ ቡና ቤት፣ ፑል ቤት፣ ኳስ የሚታይበት ዲኤስቲቪ ቤት፣ ከዚያ ደግሞ ጌም ቤት። ዳንግላም እንደዚያው ነው፤ በነገራችን ላይ ደብረ ማርቆስም፣ ደሴም፣ ሻሸመኔም እንደዚያው ነው። አንዲት ጠባብ ክፍል፣ ሁለት ሦስት ቴሌቪዥን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ቴፕ የተጠቀለለበት ጆይስቲክ። በሩ ላይ መጋረጃ ይንጠለጠላል፤ ግማሹ ፀሐይ እንዳይገባ፣ ግማሹ ከትምህርት የቀረው ልጅ እንዳይታይ። ክፍያው በጨዋታ ነው። ብዙ ቦታ ደግሞ የሚከፍለው ተሸናፊ ነው፤ አሸናፊ ወንበሩን ሳይለቅ ቀጣዩን ይጠብቃል።

በእነዚህ ክፍሎች ለዓመታት የነገሠው የኮናሚ የእግር ኳስ ጌም፣ ፔስ ነው። በተለይ የ2013ቱ። ክርስቲያኖ ሮናልዶ ሽፋኑ ላይ ያለበት፣ እ.ኤ.አ. በ2012 መስከረም ላይ የወጣው። ከዚያ በኋላ ዓለም ስንት ጌም አየ፤ ስንት ፊፋ መጥቶ ሄደ፤ ፊፋ የሚለው ስም ራሱ ከጌሙ ላይ ተነስቶ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ተባለ። የ2013ቱ ፔስ ግን እዚያው ነበር። አርሰናል «ኖርዝ ለንደን»፣ ቼልሲ «ለንደን ኤፍሲ» እየተባሉ፣ ልጁ ግን ማን ማን እንደሆነ ከእናቱ ስም እኩል እያወቀ።

መሣሪያውን እንይ። ፕሌይስቴሽን ቱ ጃፓን ውስጥ የወጣው እ.ኤ.አ. ማርች 2000 ነው። በዓለም ላይ ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል፤ በኮንሶል ታሪክ የሚስተካከለው አልተገኘም። ሶኒ ማምረቱን ያቆመው በ2013 መጀመሪያ ነው። ማለትም መሣሪያው «ከሞተ» በኋላ ነው ብዙ የክፍለ ሀገር ከተሞች ውስጥ እውነተኛ ዕድሜውን የኖረው፤ ልክ እንደ ማሪያ ቴሬዛ። ከዱባይ በሻንጣ የመጣ፣ አዲስ አበባ መርካቶ የዞረ፣ ሁለትና ሦስት እጅ ያለፈ፣ ኮፒ ሲዲ እንዲያነብ ተከፍቶ የተበየደ፣ በኋላም ጌሙን ከፍላሽና ከሃርድ ዲስክ የሚጭን። ፈረንጁ ቤቱ ጣሪያ ሥር የሚጥለው ዕቃ እዚህ የአንድ ቤተሰብ እንጀራ ሆነ።

እስቲ በባለቤቱ ጫማ ገብተን እናስበው። አዲስ ጌም ወጣ ተባለ። መጀመሪያ የሚጠይቀው «ደንበኞቼ ይችሉታል ወይ?» ብሎ ነው። ጌም ቤት ውስጥ የሚሸጠው ጌሙ አይደለማ፤ ፉክክሩ ነው። አንድ ልጅ ለሦስት ዓመት ጣቱ የለመደው ኳስ ማቀበያ፣ ግብ ጠባቂውን ማስወጫ፣ ከአርባ ሜትር ቅጣት ምት ማስገቢያ አለው። ያንን ሁሉ ጥለህ ከዜሮ ጀምር ብትለው አጠገብ ወዳለው ቤት ይሄዳል። ኮናሚ ራሱ ይህን ስህተት ሠርቷል። የ2014ቱን ፔስ በአዲስ ሞተር ሠርቶ ሲያወጣ ዝናብ እንኳ አልነበረውም፤ ከዓመት በፊት የነበረ ዝናብ! እንጅባራ ላለ ተጫዋች ዝናብ የሌለው እግር ኳስ ምን ዓይነት እግር ኳስ ነው? በዚያው ዓመት የወጣው ፕሌይስቴሽን ፎርም ያንን ጌም ጨርሶ አላገኘውም። በዓለም ዙሪያ ብዙ ተጫዋች ወደ 2013ቱ ተመለሰ፤ በጎ ፈቃደኞች በየዓመቱ አዲስ ማሊያና አዲስ ዝውውር የሚያስገባ ፓች እየሠሩ አሮጌውን ጌም አሳደሱት። አካሉ አሮጌ፣ ማሊያው አዲስ።

ሠለጠነ በሚባለው ዓለምም መጠበቅን ያስተማረ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1982 ለገና በዓል አታሪ የተባለው ኩባንያ ኢ.ቲ. የሚለውን ታዋቂ ፊልም ጌም አድርጎ ለማድረስ አንድ ሠራተኛውን በአምስት ሳምንት ገደማ አሠራው። ጌሙ ከንቱ ሆነ። ያልተሸጠው ክምር በ1983 ኒው ሜክሲኮ በረሃ ውስጥ ተቀበረ፤ በ2014 ቆፍረው ሲያወጡት ካሜራ ተደርድሮ ነበር። በዚያ ሰሞን የአሜሪካ የጌም ገበያ ራሱ ወደቀ። ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቶ የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጀክት «ሳይበርፐንክ 2077»ን ደጋግሞ ካራዘመ በኋላ ዲሴምበር 2020 ላይ ለቀቀው። በፕሌይስቴሽን ፎር ላይ ጌሙ እየተሰናከለ አላስኬድ አለ፤ ሶኒ በሳምንቱ ከመደብሩ አነሳው፤ ለገዙትም ገንዘባቸውን እመልሳለሁ አለ። ጌሙ ወደ መደብሩ የተመለሰው ከስድስት ወር በኋላ ነው። ዛሬ ተጠግኖ ተጠጋግኖ የሚመሰገን ጌም ሆኗል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለውን ለማን እንዳሉት አላውቅም እንጂ ለጌም ኩባንያዎች ይሆናል።

ስለዚህ ምዕራቡ ዓለም ያለው ተጫዋች ይጠብቃል። ሌላው ይሞክርለት፣ ጥገናው ይምጣ፣ ከዚያ ዋጋው በግማሽ ሲወርድ እገዛለሁ ይላል። ብልህ ነው። ትናንት 70 ዶላር የተባለውን በዓመቱ በ35 ያገኘዋል፤ የሚያገኘውም የተሻለውን ነው።

የእኛው መጠበቅ ግን ሌላ ነው፤ ይህን ልዩነት ሳይለዩ «እኛም እንጠብቃለን» ማለት ያሳስታል። ሒሳቡን እንሥራው። ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን የተደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ባንክ ላይ አንድ ዶላር ወደ 57 ብር ነበር። 70 ዶላር ማለት ወደ 4,000 ብር ገደማ ነው። አሁን ልጁ ብልህ ሆኖ ጠበቀ እንበል። ዓመት ሞላ፣ ጌሙ 35 ዶላር ገባ። ዶላሩ ግን በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ከ130 ብር በላይ ሆኗል። 35 ሲባዛ በ130፣ 4,550 ብር። ዋጋው በግማሽ ወረደ፤ እሱ ግን በብር ሲቆጥረው ጨመረበት። ይህም በባንክ ዋጋ ነው፤ በሰው በሰው የሚላከው፣ ከዱባይ በሻንጣ የሚመጣው ዕቃ በምን ዶላር እንደሚሰላ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እዚህ አገር መጠበቅ አያረክስም። ዛፉ ደርሶ ከሰል እስኪሆን አራት አምስት ዓመት የሚታገሥ የፋግታ ለኮማ ገበሬ ልጅ ትዕግሥት ጎድሎት አይደለም።

ገንዘቡም ቢኖር ደግሞ የሚገዛበት በር የለም። የሶኒ የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ አገልግሎት ከሚሰጥባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። ሜይ 2024 ላይ ሶኒ «ሄልዳይቨርስ 2» የተባለውን ጌም በኮምፒውተር የሚጫወቱ ሁሉ የዚህ ኔትወርክ አካውንት ይክፈቱ ብሎ ሲያዝ፣ አገልግሎቱ በሌለባቸው ከ170 በላይ አገሮችና ግዛቶች ውስጥ ጌሙ ከሽያጭ ተነሳ። የተጫዋቹ ጩኸት ሲበረታ ትእዛዙን በቀናት ውስጥ ሰረዘ። ለአሜሪካኑ የመብት ጉዳይ ነበር፤ ለእኛ ግን ያ ዝርዝር አዲስ ነገር አልነበረም። እዚህ ፕሌይስቴሽን ያለው ሰው አካውንት ሲከፍት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «አሜሪካ ነው የምኖረው» እያለ ነው።

በዚህ መሀል ኮናሚ ራሱ ዲስኩን ከእጃችን ወሰደው። መጀመሪያ በ2020 አዲስ ጌም አልሠራም፣ ያለፈውን ዓመት አድሼ በርካሽ እሸጣለሁ አለ፤ እኔ እንዲያውም ደግ አደረገ እላለሁ። ቀጥሎ ግን ፔስ የሚለውን ስም ትቶ «ኢፉትቦል» የሚባል በነጻ የሚወርድ፣ ከኢንተርኔት ጋር የታሰረ ጌም አወጣ። ሴፕቴምበር 30 ቀን 2021 ሲለቀቅ የተጫዋቾቹ ፊት የተጣመመ፣ እግራቸው የሚጠላለፍ፣ የዓለም መሳለቂያ ሆነ፤ ኩባንያው ይቅርታ ጠየቀ። ፊቱ በጥገና ይቃናል፤ ተቃንቷልም። ኢንተርኔቱ ግን በጥገና አይመጣም።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከጨዋታ የሚያልፈው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለወራትም አልተመለሰም። አዊ ዞንም ከዚህ አልወጣም። ባንክ፣ ትምህርት፣ ዘመድ ከዘመድ መጠያየቂያው ሁሉ በተዘጋበት ስለ ጌም ማውራት ቅንጦት ይመስላል፤ ነውም። ግን መንገድ በሚዘጋበት፣ ትምህርት ቤት በሚቋረጥበት ጊዜ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ቤት ውስጥ ምን ይዞ ይውላል? ስልክ ነው የሚይዘው። ስልኩ ላይ የሚሠራውም ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው ብቻ ነው።

የስልኩ ታሪክ ራሱን የቻለ ነው። ፕሌይስቴሽን ፖርታብል የሚባለው የእጅ መጫወቻ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ ነው፤ ወደ አዊ ብዙም የመጣ አይመስለኝም። ከ2012 ወዲህ ግን ፒፒኤስኤስፒፒ የሚባል ነጻ ፕሮግራም የዚያን መጫወቻ ጌሞች በአንድሮይድ ስልክ ማስኬድ ቻለ። ሞባይል ቤቶች ሥራ አገኙ። ቀፎ ጠጋኙ፣ ካርድ ሻጩ፣ ፊልምና ዘፈን ጫኙ ልጅ ጌምም ይጭናል። ሚሞሪህን ትሰጠዋለህ፣ ጥቂት ብር ትከፍላለህ፣ የድሮው ፔስ የዘንድሮን ማሊያ ለብሶ ይመጣልሃል። ከዚያ በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ፣ ከክፍል ወደ ክፍል፣ ከከተማ ወደ ገጠር ይሄዳል። ኔትወርክ ጠፋም መጣም አያገባውም።

ይህ ሁሉ ኮፒ ነው፤ አልሸሽገውም። ኮናሚ ከዚህ አንድ ብር አላገኘም። ኮናሚ አያሳስበኝም፤ የሚያሳስበኝ አገር ውስጥ ጌም የሚሠራው ልጅ ነው። ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ኩባንያ «ኩኩሉ» የሚል፣ አባራሪዋን የምታመልጥ ዶሮ ያለችበት የስልክ ጌም ሠርቷል። በአማርኛ የሚያስብ፣ ዶሮዋም ሰፈሩም የኛ የሆነ ጌም ነው። ግን ያንን ጌም እንጅባራ ያለ ልጅ ከየት ያገኘዋል? ከጎግል መደብር ለማውረድ ዳታ ያስፈልገዋል። በክፍያ ቢሆን በምን ካርድ? ከሞባይል ቤቱ ልጅ ቢያስጭን ሠሪው የሚያገኘው የለም። አዲስ ነገርን በሩቁ አይቶ የሚያልፍ ገበያ ለውጭ ኩባንያ ቅጣት ነው፤ ለአገር ልጅ ሞት ሊሆን ይችላል።

መጠበቁን ግን በልጆቹ ላይ ማላከክ አልችልም። ሰው ለረጅም ጊዜ በግድ የጠበቀው ነገር ውሎ አድሮ ምርጫው ይሆናል፤ ምርጫው ከሆነ በኋላ ደግሞ ይሟገትለታል። «የድሮው ፔስ ነው ጌም፣ የአሁኑ ምኑም አይጥምም» የሚል ወጣት ብዙዎቻችን እናውቃለን፤ አብዛኛው የአሁኑን ነክቶትም አያውቅ። ከሌሎቹ ደግሞ ፕሌይስቴሽን ፎር አዲስ አበባ ላይ ሞክረው፣ አይተው፣ ነገሩ ገብቷቸው የተመለሱ አሉ።

አሁን በየከተማው ፕሌይስቴሽን ፎር ያስገቡ ጌም ቤቶች ብቅ ብለዋል፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ መሣሪያ ነው። ፕሌይስቴሽን ፋይቭ በ2020 ወጥቷል። ፋይቩን ያላስገባ ባለቤት ለምን እንዳላስገባ ብትጠይቁት ስለ ሳይበርፐንክም ስለ ኮናሚም አያወራም። መብራት ሲመጣና ሲሄድ የተቃጠለ ዕቃ መለዋወጫው የት ይገኛል፣ ጆይስቲኩ ቢሰበር ስንት ነው፣ ደግሞ በአንድ ጨዋታ ስንት ባስከፍል ዋጋውን ይመልሳል ነው የሚላችሁ። ሞባይል ቤት ገብቶ አዲስ ጌም አለ የተባለ ልጅም ስለ ምስሉ ጥራት አይጠይቅም። የመጀመሪያ ጥያቄው አንድ ነው፤ «ያለ ዳታ ይሠራል?»