ቀይዋ «ቀ»

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የማወጋችሁ ወረታ ቤት ተከራይቼ ስማር በዓይኔ ያየሁትን ነው።

ወረታ ባለችበት በፎገራ፣ ክረምት ሲገባ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳውን ውሃ ያለብሱታል። በደርግ ዘመን ሩዝ ገባና ያ ውሃ እንጀራ ሆነ። ሩዝ ግን እጅ ይፈልጋል፤ አረሙ መስከረም ድረስ ይዘልቃል፣ አጨዳው ኅዳር ላይ ይደርሳል። ትምህርቱም የሚጠነክረው ያኔ ነው።

አብሮኝ የሚኖር ልጅ ነበር። ኅዳርን ሙሉ ሰኞና ዓርብ ይቀራል። በመዝገቡ ላይ በስሙ ትይዩ በቀይ እስክሪብቶ «ቀ»፣ «ቀ»፣ «ቀ»፤ «ቀሪ» ማለት ነው። ሰነፍ ተባለ። ሊባረር ሲል ወደ ትምህርት ቤታችን ካውንስለር ላኩት፤ እኔንም አስከተለችኝ።

ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አግዳሚ። ሺህ ለምንሆን ተማሪዎች እሷ ብቻ ነበረች። በሩን ዘጋችና፣ «ለምን ቀረህ?» አላለችውም።

«ልጄ፣ ትናንት ማታ ምን በላህ?» አለችው።

ዝም አለ። እጁን ደብቆ ነበር፤ ቀስ ብላ ሳበችው። ሌባ ጣቱ በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ መዳፉን ማጭድ ልጦታል።

«ቲቸር፣ አባቴ ብቻውን ነው፤ ስንቄንም የማመጣው ለአጨዳው ስሄድ ነው» አለ።

መዝገቡን ሳበች፤ ቀዮቹን ፊደሎች በጣቷ አንድ በአንድ ቆጠረች። በገበያ ቀን አባቱን አስጠራች። ሽማግሌው ቆመው ሲያመነቱ ወንበሯን ለቀቀችላቸው።

«አባቴ፣ ልጁ ከእርሻው ይቅር አልልም። ቅዳሜና እሑድ የእርስዎ ይሁን፤ የቀረውን በወንፈል ይሙሉት።»

አሰብ አደረጉና፣ «ሰኞን እንኳ እችላለሁ፤ ዓርብን ከጎረቤት ጋር እማከራለሁ» አሉ። እኔም ያለፈውን ትምህርት ከደብተሬ እንዳስገለብጠው ታዘዝኩ።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር፣ አገሩ መምህሩንም መጽሐፉንም ኩረጃውንም ወቀሰ። እኔ ግን ያቺን ቀይ «ቀ» አሰብኩ። ስንቱ ልጅ፣ ምን በላህ የሚለው ሳያገኝ፣ በአንዲት ፊደል ተመዝኖ ወጥቷል?

ካውንስለሯን ልጁ ሊባረር በነበረ በማግስቱ ዓመት አይቻት ነበር፤ ጥቅምት ነው፣ ማጭድ ገና አልተሳለም፣ መዝገቡም ንጹሕ ነው። ገበያው መሃል ጃንጥላዋን ይዛ፣ ከሩዝ ሻጮቹ መካከል አባቶችን ትፈልጋለች።