ዲትሮይት ሱፕ

በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ በዲትሮይት ከተማ እ.ኤ.አ. በ2010 የተጀመረ፣ ለኪነ ጥበብና ለሰፈር ሥራዎች ገንዘብ የሚሰበሰብበት የእራት ዝግጅት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ታዳሚው በር ላይ 5 ዶላር ይከፍል ነበር፤ በምላሹም ሾርባ፣ ሰላጣ፣ ዳቦና አንድ ድምፅ ያገኛል። አራት ሐሳብ አቅራቢዎች በየተራ ለአራት ደቂቃ ተናግረው አራት ጥያቄ ይመልሳሉ። ሰዉ እየበላ ይመክርና ድምፅ ይሰጣል፤ አሸናፊው በር ላይ የተሰበሰበውን ይዞ ይሄዳል።

ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2013 ኪሳራ ስታውጅ 18 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ዕዳ ነበረባት፤ በዚህ ፊት የአንድ ምሽት መዋጮ ከቁጥር አይገባም ቢባል ሐሰት አይደለም። የእራቱ ጥቅም ግን ከገንዘቡ ይልቅ በአሰጣጡ ላይ ነው። እንደ እቁብ ዕጣ አይወጣበትም፤ ረጅም ማመልከቻና የሒሳብ ሪፖርት የሚያስፈራው ሰውም ጎረቤቱን ማሳመን ይበቃዋል። የተሸነፈው እንኳ ከማዕዱ አናጢ ወይም በጎ ፈቃደኛ ሊያገኝ ይችላል። አንደበተ ርቱዕና ወዳጅ ያበዛ ያሸንፋል የሚለው ወቀሳ ይከብዳል፤ የደቂቃው ገደብ አድልዎውን ያጠብበዋል እንጂ አያጠፋውም። ቁጥጥሩም ያው ሕዝብ ነው፤ አሸናፊው በሌላ እራት ተመልሶ በገንዘቡ ምን እንደሠራ ይናገራል።