ሁከትና የማኅበረሰብ ጥናት ልደት

የጥንቱ ግሪካዊ ባለቅኔ ሄሲዮድ የአማልክትን ትውልድ ሲዘረዝር ከሁሉ አስቀድሞ የነበረው ኬዎስ ነው ብሎ ቢጀምርም፥ እርሱ የገለጠው ባዶ ጥልቅን እንጂ የጠብ ስፍራን አልነበረም፤ ሙቀትና ብርድ፥ እርጥበትና ድርቀት ያለ ዳኛ የሚዋጉበት ቅርጽ የለሽ ክምር አድርጎ የሣለው ሮማዊው ኦቪድ ነው። እንግሊዛዊው ጆን ሚልተን ደግሞ በ1667 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) ባሳተመው «የጠፋችው ገነት» ኬዎስን ከሌሊት ጋር በዙፋን የተቀመጠ የሁከት ንጉሥ አደረገው። ሚልተን በ1649 የእንግሊዙ ንጉሥ ቻርልስ በአደባባይ ሲሰየፍ በዚያው ዘመን የኖረ ሰው ነውና፥ ይህ ሥዕል ከመጻሕፍት ብቻ የተቀዳ አይመስለኝም።

እንደ ሚልተን ሁሉ የሁከት ዘመን ልጅ የሆነው፥ የፈረንሳይ አብዮት በፈነዳ በ9ኛው ዓመት በሞንፔልዬ የተወለደው ፈላስፋ ኦጉስት ኮንትም፥ አሮጌው የዙፋንና የካህናት ሥርዐት ፈርሶ አዲስ ባልተተካበት አገር አድጎ፥ ከዋክብት በሕግ እንደሚመሩ ሁሉ የሰው ማኅበርም ሊመረመር የሚችል ሕግ እንዳለው አጥብቆ አመነ። በ1826 በፓሪስ ቤቱ፥ ሊቃውንት በተሰበሰቡበት ማስተማር ቢጀምርም፥ ጥቂት ጊዜ እንዳስተማረ አእምሮው ታውኮ ወደ ሕሙማን ቤት ተወሰደ፤ በ1829 ግን ትምህርቱን እንደ ገና አንሥቶ፥ ለዓመታት ከደከመበት በኋላ ትምህርቱ በመጽሐፍ ሲወጣ በ1839 በታተመው አራተኛ ቅጽ ለአዲሱ ዕውቀት ሶሲዮሎጂ (የማኅበረሰብ ጥናት) የሚል ስም አወጣለት። ስለዚህ ይህን ዕውቀት የወለደው ከሊቃውንት ጉጉት ይልቅ የሥርዐት ናፍቆት ነው እላለሁ፤ የዚሁ ዕውቀት ሊቅ ኤሚል ዱርኬምም በ1897 ራስን ስለ መግደል ባሳተመው መጽሐፍ ከመረመራቸው ነገሮች አንዱ፥ ሰው የሚመራበት ሥርዐት ሲላላ በነፍሱ ላይ የሚደርሰው ጥፋት ነበር።