የተከፈለበት ተሳትፎ፦ አዳምስ ካውንቲና የዋልተር ዲን በርንሃም ስሌት

የአሜሪካን የምርጫ ታሪክ የሚያጠኑ ብዙዎች የ19ኛውን ክፍለ ዘመን መጨረሻ በናፍቆት ያነሡታል። በ1896 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የፕሬዚዳንት ምርጫ የመምረጥ መብት ካላቸው 79 በመቶ ያህሉ ድምፅ ሰጡ፤ በ1924 መጠኑ ከግማሽ በታች ወረደ። ዋልተር ዲን በርንሃም በ1965 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን ቁልቁለት እንደ ዴሞክራሲ ሕመም አየው። እርሱ እንደሚለው ከ1896 በኋላ በየአካባቢው አንድ ፓርቲ ብቻውን ገነነ፤ ባለሀብቱ ከሕዝብ ግፊት ተከለለ፤ ተራው መራጭም ተስፋ ቆርጦ ቤቱ ቀረ። ፊሊፕ ኮንቨርስና ጄሮልድ ረስክ የምዝገባ ሕግንና የድምፅ መስጫ ወረቀትን ለውጥ አንሥተው የተከራከሩት የታወቀ ስለሆነ አልመለስበትም። የእኔ ጠብ ከቁልቁለቱ ጋር ሳይሆን በርንሃም ከተነሣበት ከፍታ ጋር ነው። ያ ሁሉ ገበሬ ወደ ምርጫ ጣቢያ የጎረፈው በእውነት በፖለቲካ ፍቅር ነበር?

በደቡብ ኦሃዮ፣ በኦሃዮ ወንዝ ዳር የምትገኘው አዳምስ ካውንቲ መልስ አላት። ዳኛ ኤ. ዜድ. ብሌር ከ1910 ምርጫ ማግስት ጀምሮ ባካሄዱት ምርመራ 1,700 ያህል ሰዎች ድምፃቸውን በመሸጥ ተቀጡ፤ ለአምስት ዓመትም የመምረጥ መብታቸውን ተነጠቁ። ይህ ከካውንቲው መራጭ ሩብ ያህሉ ነው። ብዙዎቹ ሳይጎተቱ ራሳቸው ዌስት ዩንየን ወዳለው ፍርድ ቤት መጥተው ጥፋታቸውን አመኑ። ብሌር ጉዳዩን በኅዳር 1911 በማክሉርስ መጽሔት ጽፈውታል። ጄኔቪቭ ጊስትም ታሪኩን በ1961፣ ማለትም ከበርንሃም አራት ዓመት ቀድማ፣ በታሪክ መጽሔት አሳትማለች። ኦሃዮ በርንሃም ከመረመራቸው አምስት ግዛቶች አንዷ መሆኗን ስናስታውስ፣ ይህ ምስክርነት በስሌቱ ውስጥ ቦታ ማጣቱ ያስገርማል።

የብሌር ጽሑፍ ዋጋ በቁጥሩ ብቻ አይደለም። ሻጮቹ የከተማ ስደተኞች አልነበሩም፤ ባብዛኛው እዚያው ተወልደው ያደጉ የገጠር ሰዎች ነበሩ። የተሐድሶ አራማጆች ሙስናን የትልልቅ ከተሞች በሽታ አድርገው በሚሰብኩበት ዘመን ይህን መጻፍ ቀላል አልነበረም። ገዢዎቹም ሁለቱም ፓርቲዎች ነበሩ፤ ፉክክሩ በጥቂት ድምፅ በሚለይበት አገር አንዱ ሲከፍል ሌላው እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ዘመኑ ነው። ኦሃዮ ምስጢራዊውን የድምፅ አሰጣጥ የተቀበለችው በ1891 ነው። በ1910 ከፋዩ ገበሬው ወረቀቱ ላይ ማንን እንደመረጠ የሚያይበት ሕጋዊ መንገድ አልነበረውም። በግልጽ የሚያየው መምጣቱን ወይም መቅረቱን ብቻ ነው። ስለዚህ የተገዛው በዋናነት እምነት ሳይሆን መገኘት ነበር ብዬ እገምታለሁ። ምስጢሩ በየጣቢያው እኩል አልተጠበቀም የሚል ይኖራል፤ ይሁን፣ ያም ቢሆን የገንዘቡን ሚና ያጎላዋል እንጂ አያሳንሰውም።

ጋሪ ኮክስና ሞርጋን ካውሰር በ1981 በኒውዮርክ ገጠር ላይ ያሳዩት ይህንኑ ከሌላው ጎን ያበራል። የዘመኑን ጋዜጦች ፈትሸው እንደደረሱበት፣ ምስጢራዊው ወረቀት ከመጣ በኋላ ፓርቲዎች የተቃዋሚን ደጋፊ ቤቱ እንዲቀር መክፈል አበዙ። እንግዲህ ገንዘብ መራጩን ያወጣዋል፣ ያስቀረዋልም። በርንሃም ተስፋ መቁረጥ ብሎ ከቆጠረው መቅረት ውስጥ ምን ያህሉ ተከፍሎበት ይሆን?

አንድ ካውንቲ አገር እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ድምዳሜዬም በዚያው ልክ የተገደበ ነው። ነገር ግን አዳምስ ልዩ የሆነችው ድምፅ በመሸጧ ነው ወይስ ዳኛዋ በመቅጣታቸው? እኔ ሁለተኛውን እይዛለሁ። ሌሎች ካውንቲዎች ንጹሕ የሚመስሉት መዝገብ የከፈተባቸው ስለሌለ ሊሆን ይችላል። ገንዘቡ ለባከነ የሥራ ቀን ማካካሻ እንጂ ጉቦ አልነበረም የሚለው መከላከያም በርንሃምን አይረዳውም፤ ማካካሻ ካላገኘ የማይወጣ መራጭ በፓርቲ ፍቅር የነደደ አይባልም።

ስሌቱ ራሱ እንዴት እንደሚያስት የ1912 ምርጫ ያሳያል። በርንሃም የተሳትፎን መጠን የሚያወጣው የተሰጠውን ድምፅ በሕዝብ ቆጠራ ላይ ተመሥርቶ ለተገመተው የመራጭ ብዛት በማካፈል ነው። በዚያ ዓመት የአዳምስ ተቀጪዎች እገዳው ገና አላበቃላቸውም፤ በቆጠራው ግን ዕድሜያቸው የደረሰ ወንድ ዜጎች ናቸው። በዚህ ቀመር ዳኛ የከለከለውም ሰው፣ ፖለቲካ ያስመረረውም ሰው እኩል ቀሪ ሆነው ይመዘገባሉ።