ሕጉ ደብረ ታቦር ደርሷል፤ አፍ የሚሆነው ሰውስ?

እስኪ አንድ ጥያቄ። ሴባስቶፖልን ሲጎትት እግሩ መንኮራኩር ሥር የገባ ሰው ለማን አቤት ይል ነበር?

መድፉን ሁሉም ያውቀዋል። ከደብረ ታቦር ጥቂት ወጣ ብሎ ጋፋት ላይ ነው የተሠራው። ክብደቱ 7 ቶን ገደማ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው መቅደላ እስኪደርሱ ወራት ፈጅቶባቸዋል፤ ገደሉ እየተናደ፣ መንገዱ እየተቆፈረ፣ መድፉ በሰው ጉልበት እየተጎተተ። ስለ መድፉ ብዙ ተጽፏል። ስለ ንጉሡ ቁርጠኝነትም እንዲሁ። ገመዱን ስለያዘው ሰው እጅ ግን የተጻፈ ነገር እምብዛም የለም።

የጋፋት ነገር ከሥራ ሕግ አንጻር ሲታይ ሌላ መልክ አለው። እነ ዋልድማየርና ሳልሙለር ወደ ኢትዮጵያ የመጡት የእጅ ሙያ ያላቸው ሚሲዮናውያን ሆነው ወንጌል ሊያስተምሩ ነበር። ንጉሡ ግን መድፍ ሥሩልኝ አሏቸው። ደመወዝ ተቀበሉ፣ ተሾሙ፣ ተሸለሙ። ይሁን እንጂ “በቃኝ፣ አገሬ ልግባ” ማለት በእጃቸው አልነበረም። አሠሪውም ዳኛውም ይግባኝ ሰሚውም አንድ ሰው ነበርና። የተወደደው የንጉሡ ባለሙያ እንዲህ ከሆነ፣ ከሰል የሚያከስለው፣ ብረት የሚያቀልጠው፣ ገመድ የሚጎትተው የበጌምድር ሰው ምን ይበል?

ይህ ማለት ግን አገሩ ሕግ አያውቅም ነበር ማለት አይደለም። እንዲያውም የሙግት አገር ነበር። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ አንዱ “በሕግ አምላክ!” ካለ ሌላው ይቆማል። መንገደኛውን አስቁመው የመንገድ ዳኛ ያደርጉታል፤ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይሰማል። ከሳሽና ተከሳሽ “በላ ልበልሃ” እየተባባሉ ይሟገታሉ፤ በማር፣ በበቅሎ፣ በፈረስ ይወራረዳሉ፤ ዋስ ይጠራሉ። ከብት ጠባቂ ልጅ ሳይቀር በጨዋታ ሙግት ይማር ነበር። “በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች” የሚለው ተረት የወጣው ከእንዲህ ዓይነት ሕዝብ መሐል ነው።

ባለዕዳና ባለገንዘብ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው፣ ሲብስም በሰንሰለት ተቆራኝተው ዳኛ ዘንድ ይሄዱ ነበር። “ቁራኛ” የሚለው ቃል ዛሬም በአፋችን አለ። የዚያን ጊዜው የንግድ ሙግት ይኸው ነበር። ወረቀት የለ፣ ማኅተም የለ፤ ዋስና ምስክር ብቻ።

ይህ ሥርዓት ትልቅ በጎ ነገር ነበረው። ማንም ሰው ሕጉን በጆሮው ያውቀዋል፤ ፍርዱም በአደባባይ፣ በሚገባው ቋንቋ ይሰጣል። ግን ሁለት ጉድለት ነበረበት። አንደኛው፣ አንደበተ ርቱዕ የሆነ ሰው ያሸንፋል፤ አንደበት የሌለው ይረታል። ጌታ የሆነ ሰው ነገረ ፈጅ ያቆማል፤ ድኻ ቢያገኝ ዘመዱን፣ ባያገኝ ራሱን ያቆማል። ለውርርዱ ማር የሌለው ደግሞ አፉን ከመክፈቱ በፊት ተሸንፏል።

ሁለተኛው ጉድለት ስውር ነው። ለአካል ጉዳትና ለሞት ካሳ ነበረ፤ የደም ዋጋ ይከፈል ነበር፤ ሽማግሌ ገብቶ ደም ያደርቃል። ግን ለዚያ ሁሉ አንድ ጠላት ያስፈልጋል። የመታ እጅ፣ የወረወረ ክንድ መኖር አለበት። መንኮራኩር ደመኛ አይሆንም። ማንም ክፉ ሳያስብ፣ ሥራው ብቻ የሰውን እግር ሲወስድ ካሳ የሚከፍለው ማነው? ለዚህ ጥያቄ የዛፍ ሥር ዳኛ መልስ አልነበረውም።

መልሱ የመጣው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። በ1934 ዓ.ም. የፍርድ አስተዳደር አዋጅ የመደበኛ ፍርድ ቤቶችን ደረጃ ደነገገ። በ1940ዎቹ አጋማሽ ጠበቆች የሚመዘገቡበት ደንብ ወጣ። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግና የንግድ ሕግ ታወጁ። በ1956 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት አዋጅ ቁጥር 210 ወጣ፤ በዚያው ዓመት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ተከፈተ። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ የሕጉ ቁጥር 3347 ደግሞ ሕጉ በሸፈነው ጉዳይ ላይ የነበረውን ልማድ ሻረ። በአንድ ቀን ቋንቋው ከአፍ ወደ ወረቀት ተሻገረ።

ያ ወረቀት የጋፋቱን ጥያቄ መለሰ። ቁጥር 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም መኪናው ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል አለ። ደመኛ መፈለግ ቀረ። በኋላ በደርግ ዘመን ቻይናውያን የወረታ ወልድያን መንገድ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አሳልፈው ሲሠሩ፣ የጉና ሥር ገበሬ በየዕለቱ ከማሽን ጋር መተላለፍ ጀመረ። ሕጉ ቀድሞት ደርሶ ነበር።

ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ከዚህ አልፎ ይሄዳል። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። በጡረታ ሕግ ያልተሸፈነ ሠራተኛ ለዘለቄታው ሙሉ በሙሉ መሥራት የማይችል ሆኖ ቢቀር የአምስት ዓመት ደመወዙ ይከፈለዋል። ሠራተኛ ሲከስ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። በ1860 ዓ.ም. ገመድ ሲጎትት ለነበረው ሰው ይህ እንደ ተአምር ነው።

ታዲያ ችግሩ የቱ ጋ ነው? ወረቀቱ የራሱ ወጥመድ አለው። ወጥመዱም ሁለት ነገር ነው፤ ሰዓትና ጽሑፍ።

ከሰዓቱ እንጀምር። ያለ አግባብ ከሥራ የተባረረ ሰው ወደ ሥራዬ ልመለስ ብሎ መክሰስ ያለበት በሦስት ወር ውስጥ ነው። ያልተከፈለ ደመወዝና ትርፍ ሰዓት በስድስት ወር ይርጋ ይዘጋል። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት፣ ረዘም ያለ ይርጋ ያለው ወንጀል ካልሆነ በቀር፣ ሁለት ዓመት ነው። አሁን አንድ የግንባታ ሠራተኛ እናስብ፤ ከስካፎልድ ወድቆ ተሰብሯል። መጀመሪያ ወጌሻ ዘንድ ይሄዳል። ከዚያ ጠበል። ከዚያ ሽማግሌ ይላካል፤ አሠሪው “እናያለን፣ ሰው አይደለን?” ይላል። ክረምት ይገባል። ሽማግሌው ሲመለስ ሰዓቱ አልፏል። ማንም አልዋሸውም፤ ማንም አልበደለውም። መብቱ ግን ሞቷል።

ወደ ጽሑፉ እንምጣ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተደረገ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ በምስክር አይረጋገጥም ይላል። 500 ብር በ1952 ዓ.ም. ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ለአንድ በግ አይበቃም። ነጋዴው ግን ዛሬም እንደ አያቱ በሦስት ሽማግሌ ፊት፣ በእምነት ያበድራል። ሦስቱ ሽማግሌ ቢመሰክሩለትም ሕጉ አይሰማቸውም። የኅሊና ጉዳት ካሳ ጣሪያውም እንዲሁ 1000 ብር ላይ ቆሞ ቀርቷል፤ ልጅ የሞተባት እናት ኀዘኗ የሚተመነው በዚያ ነው። ሕጉ ተራራውን ወጥቷል፤ ቁጥሮቹ ግን 1952 ዓ.ም. ላይ ተቀምጠው ቀርተዋል።

እዚህ ላይ ነው የጠበቃ ነገር የሚመጣው። በእንግሊዝ አገር ሶሊሲተር የሚባለው ከባለጉዳይ ጋር ይነጋገራል፣ ወረቀት ያዘጋጃል፤ ባሪስተር የሚባለው በዋናነት ችሎት ፊት ቆሞ ይከራከራል፤ እሱም ራሱ በሥራ ክርክር፣ በንግድ፣ በአካል ጉዳት እየተለየ ይካናል። እንደ ደብረ ታቦር ባለ ከተማ ይህ ሁሉ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ነው። ጠዋት የቼክ ክርክር፣ ረፋድ ላይ ከሥራ የተባረረ ዘበኛ፣ ከሰዓት መኪና የገጨው ልጅ አባት። ያንን አንድ ሰው እንኳ የማያገኘው ባለጉዳይ ፍርድ ቤቱ ደጅ ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ይሄዳል። ማመልከቻ ጸሐፊው ቃሉን አሳምሮ ይጽፍለታል፤ ይርጋው ያለፈ መሆኑን ግን አይነግረውም።

“ጠበቃ ጠብ ያሞቃል፤ ለእኛ ሽምግልና ይበቃናል” የሚል ሰው ብዙ ነው። ሐሳቡ ከንቱ አይደለም። ሽምግልና ሁለት ጎረቤቶችን ያስታርቃል፤ ነገ አብረው ማኅበር ይጠጣሉ። ግን ሽምግልና የሚሠራው ሁለቱ እኩል ሲፈራሩ፣ እኩል ሲተፋፈሩ ነው። ቀን ሠራተኛና ኮንትራክተር፣ ገበሬና የኢንሹራንስ ኩባንያ እኩል አይተፋፈሩም። ኩባንያው በማኅበር አይገኝም። ባይሆን ሽማግሌውም ይላክ፣ ክሱም በጊዜው ይግባ፤ ክስ ከገባ በኋላ መታረቅ የሚከለክል ሕግ የለም።

አንዳንድ በር ተከፍቷል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ለድኻ በነጻ እንዲያገለግል ያዝዝ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ደግሞ ጠበቆች በጥብቅና ድርጅት ተደራጅተው ሥራ እንዲከፋፈሉ ፈቅዷል። ነገር ግን ድርጅትም ሆነ በነጻ የሚሰጥ ሰዓት ጠበቃው ባለበት ከተማ ይቀራል። ጠበቃው ደግሞ ገንዘቡ ወዳለበት ይሄዳል።

“ጠበቃ” የሚለው ቃል ከመጠበቅ የመጣ ነው። በድሮው ሙግት ጠባቂ ያጣ ሰው በአንደበቱ ይረታ ነበር፤ በዛሬው ደግሞ በቀን መቁጠሪያው ይረታል። ለጋፋቱ ሰው ሕግ አልነበረለትም። ለልጅ ልጁ ሕግ አለለት፣ ፍርድ ቤት አለለት፣ ክፍያም አይጠየቅም። የቀረው በሦስተኛው ወር ሳይሆን በመጀመሪያው ሳምንት “ወንድሜ፣ ይህ ቀን አለው፤ ዛሬውኑ እንጻፍ” የሚለው ሰው ነው።